ወረንጦ የጻፈችው አስተያየት

ስልክ መግዛት ያማረው የሰፈር ሰው ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት ወደ ጠባቧ ክፍል ጎራ ማለት ልማዱ ነበር። ክፍሏ የስልክ መጠገኛ ናት። ሦስት ሰው ከቆመባት አራተኛው በር ላይ ተራውን ይጠብቃል። ግድግዳዋ ባትሪ፣ ገመድና የስልክ ሽፋን ተንጠልጥሎባት ቀለሟ አይታይም። ከመስታወቱ ጠረጴዛ ጀርባ ሁለት ወንበሮች አሉ፤ በአንደኛው ላይ ጋሼ፣ በሌላው ላይ ወረንጦ ይቀመጣሉ። ወረንጦ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። ቀጭን ስለሆነች፣ ደግሞም ዓይን በቅጡ የማያየውን ብሎን በወረንጦ ለቅማ ቦታው ስለምትመልስ ደንበኞች ያወጡላት ነው። እሷም ስሙን ወደደችው፤ በትክክለኛ ስሟ የሚጠራት ሰው ሲገኝ ዞር የምትለው ቆይታ ነበር።

“የቱን ልግዛ?” ይላል የመጣው ሰው። ጋሼና ወረንጦ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ጋሼ ሬዲዮ ከመጠገን የጀመሩ፣ ስልሳን ከተሻገሩ የቆዩ ሰው ናቸው። ስለ ስልክ ሠሪዎች፣ ስለ ሶፍትዌር ሠሪዎችና ስለ መስመር ሻጮች ያላቸው አስተያየት አጭር ነው፤ ሁሉም ሌቦች ናቸው። “ልዩነታቸው ሰዓቱ ላይ ነው” ይላሉ፣ ካቻቢቴያቸውን እያወዛወዙ። “ስልክ ሠሪው አንዴ ይሰርቅህና መንገዱን ይቀጥላል። ሶፍትዌር ሠሪው በወር በወሩ ይመጣል። መስመር ሻጩ ግን ጭራሽ ከቤትህ አይወጣም፤ ስታወራ ይቆጥርብሃል፣ ዝም ስትል ደግሞ ፓኬጅህ ጊዜው አለፈ ይልሃል።” ደንበኛው ይስቃል። ስቆ ሲያበቃ ፊቱን ወደ ወረንጦ ያዞራል፤ ቁም ነገሩን የሚጠብቀው ከእሷ ነውና።

ወረንጦ ደግሞ አንድ ድርጅት ትወድ ነበር። መውደድ ስላችሁ እንደ ቀልድ እንዳታዩት። ሰው ኳስ ቡድን የሚወደውን ያህል፣ ስሙ በክፉ ሲነሳ ፊቷ እስኪቀላ ነበር የምትወደው። ምክንያትም ነበራት። የሌሎቹ ስልክ ጀርባው በሙጫ ተለጥፎ ሲመጣ የዚህ ድርጅት ስልክ በስድስት ብሎን ነው የሚታሰረው። ባትሪው ሲደክም ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይቀየራል። ማስታወቂያው ላይም “የገዙት ስልክ የእርስዎ ነው” የሚል ተጽፎ ነበር። ሌላው ሰው ማስታወቂያ ብሎ ያለፈውን ዐረፍተ ነገር ወረንጦ እንደ ቃል ኪዳን ያዘችው።

ጋሼ ይህን አውቀው ያበሽቋታል። ድርጅቱን በስሙ ጠርተውት አያውቁም፤ “ዘመዶችሽ” ነው የሚሉት። “ዘመዶችሽ ዛሬስ ምን አመጡ?” ይላሉ። “ዘመዶችሽ ለሠርጋቸው ጠሩሽ ወይስ ረሱሽ?” እሷም ትስቅና ትከራከራለች፤ “ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ከሬዲዮ በቀር የሚያምኑት ነገር የለም!” ትላቸዋለች። ሰው ግን የእሷን ቃል ሰማ። ዳቦ ጋጋሪው፣ አዋላጇ፣ የታክሲ ሹፌሩ፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ግማሹ ሰፈር በወረንጦ ምስክርነት የዚያን ድርጅት ስልክ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ከአምስት ዓመት በፊት ድርጅቱ አንድ ነገር ጀመረ። ስክሪኑ ውስጥ ከምስር የምታንስ ቺፕ አስገባ። ስክሪን ተሰብሮ በሌላ ሲቀየር ስልኩ ቺፗን “ማነሽ?” ብሎ ይጠይቃታል፤ የድሮዋ ካልሆነች ስክሪኑ ይበራል እንጂ ጣት አይሰማም። ስክሪን እንዲቀየር የተፈቀደው በድርጅቱ ማዕከል ብቻ ነው፣ ማዕከሉ ደግሞ የሁለት ቀን መንገድ ይርቃል። “ለደህንነትዎ” የሚል ምክንያት ተሰጠ። ወረንጦ “አልገባቸውም ጋሼ፣ የእኛን ዓይነት ሰው መኖሩን ስለማያውቁ ነው” አለች። ጋሼ፣ “አሳምሮ ገብቷቸዋል” አሉ።

እንዲህ ብለውም ዝም አላሉም። የተጣሉ ስልኮች ሰብስበው ሁለት ወር ሙሉ ታገሉ። አሥራ አንድ ስልክ አበላሹ። አንዱን አቃጠሉት፣ አንዱን ሰነጠቁት፣ አንዱ ከናካቴው ጭስ ሆነ። ባለቤታቸው እትዬ፣ “ይሄ ሰውዬ ጡረታውን በእሳት ሊጨርሰው ነው” እስኪሉ ደረሰ። በአሥራ ሁለተኛው ላይ ግን ቺፗን ከተሰበረው ስክሪን በሙቅ አየር አላቀው አነሱና በአዲሱ ላይ አሳረፏት፤ ስልኩም አመናት። ጋሼ ከወንበራቸው ተነስተው ቆሙ፤ ተመልሰው ተቀመጡ። ያን ዕለት ስም አወጡለት፦ ነፍስ ማዛወር።

ዘዴውን ያገኙት እሳቸው ቢሆኑም እጃቸው ያኔ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ስለዚህ ለወረንጦ አስተማሯት። ሙቀቱ ስንት እንደሆነ፣ አየሩ ከየት በኩል እንደሚነፋ፣ ቺፗ ስትለቅ የምታሳየውን ትንሽ መንሸራተት ሳይቀር። ከዚያ በኋላ ነፍስ በተዛወረ ቁጥር መጋረጃው ይጋረዳል፣ የሬዲዮው ድምፅ ይጨመራል፣ ጋሼ ከአጠገቧ ቆመው ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። “ከዚህ መጋረጃ እንዳይወጣ” አሉ። ያወቁትም ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሦስተኛው የጋሼ ልጅ ነው።

ልጁ ሁለት ዓመት በዚያች ክፍል ሠርቶ ነበር። ኋላ ግን ክራባት አድርጎ የሚሠራበት ቦታ አገኘ፤ የመስመር ኩባንያ ውስጥ ባንኮኒ ጀርባ ሆኖ ሲም ካርድ ይሸጣል። የሰፈሩ ሰው “ባለሲም” አለው። ጋሼ፣ “አየር ሊቸረችር ሄደ” ብለው ዓመት አኮረፉ። በቅርቡ ባለሲም ሴት ልጅ ሲወልድ ነው ኩርፊያው የላላው። ጋሼ ያን ሰሞን ጉንፋን ይዟቸው ስለነበር ሕፃኗን እንዳላስይዛት ብለው ቀን ቆረጡ፤ ሲሻላቸው፣ በሦስተኛው ቅዳሜ ሊሄዱ። ቀኑ እስኪደርስ በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር።

አሁን ወረንጦ ወደ ጻፈችው አስተያየት ልምጣ።

የድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አስተያየት መስጫ ነበረ። ወረንጦ ለዓመታት እዚያ ትጽፋለች። ቁልፉ ቶሎ ይላላል፣ የቻርጀሩ ቀዳዳ አቧራ ይሞላል፣ እያለች። በቀጣዩ ስልክ ላይ ለቻርጀሩ ቀዳዳ ክዳን ተሠራለት። ይህንኑ ሺህ ሰው ጽፎት ይሆናል፤ እሷ ግን “ሰሙኝ” አለች። ክዳኑን በጥፍሯ ከፈት ዘጋ እያደረገች አንድ ቀን ሙሉ ደስ ሲላት ዋለች።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ተቀምጣ ስለ ነፍስ ማዛወር አራት ገጽ ጻፈች፣ ከነፎቶው። ሐሳቧ ቀና ነበር። በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ በወረንጦና በሙቅ አየር፣ ስልኩን ሳይጎዱ እንዲህ መሥራት እንደሚቻል ካዩ፣ “ታዲያ ለምን እንከለክላለን?” ይላሉ ብላ አመነች። ምንም አልደበቀችም። ሙያ የሚወድ ሰው ሲያወራ አፉን መግታት ያቅተዋልና ሦስተኛው ገጽ ላይ እንዲህ አለች፦ “ደግነቱ ስልኩ የሚጠይቀው ቺፗን ብቻ ነው። ፋብሪካው በእያንዳንዱ ስክሪን ውስጥ የሚጽፈውን የውስጥ ቁጥር ቢጠይቅ ኖሮ ይህ ዘዴ ባልሠራ ነበር።”

ቅጹ መጨረሻ ላይ አዲስ ዘዴ ለሚያቀርብ ሰው የተዘጋጀ አንድ ሣጥን ነበር። “ዘዴውን ያገኘው ማን ነው?” ይላል። ወረንጦ እዚያ ላይ ቆመች። ጋሼ ስማቸው በማንም ወረቀት ላይ እንዲሰፍር አይፈልጉም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን “መምህሬ ነው” ማለት ትችል ነበር፤ ሁለት ቃል ነው። ይህን ለራሷም ተናግራው አታውቅም፣ እኔ ልንገራችሁ፤ አማራት። አንድ ጊዜ እንኳ፣ ሩቅ አገር ያሉ ትልልቅ ሰዎች ዘንድ፣ ያገኘችው እሷ እንድትሆን አማራት። “እኔ ነኝ” ብላ ጻፈች። “አሥራ አንድ ስልክ አበላሽቼ በአሥራ ሁለተኛው ተሳካልኝ።”

በአራተኛው ቀን መልስ መጣ። “ውድ የሙያ አጋራችን” ይላል። የክብር አማካሪ አድርገናታል የሚል የምስክር ወረቀትም ተያይዟል። አሳተመችው። ክፍሏ ግድግዳ ላይ ግን አልሰቀለችውም፤ ቤቷ ወስዳ ከልብሶቿ ሥር አስቀመጠችው። ያለ ጥፋት የተገኘ ክብር ልብስ ሥር አይቀመጥም፤ ይህን ልቧ ያውቅ ነበር።

ወራት አለፉ። አንድ ሰኞ ድርጅቱ አዲስ አፕዴት አወጣ። ሰው እንደ ልማዱ ወረንጦን ጠየቀ፤ “እናድርገው?” እሷም እንደ ልማዷ፣ “አድርጉት፣ ፍጥነት ይጨምራል፣ ምንም አይላችሁም” አለች።

ማክሰኞ ጠዋት ዳቦ ጋጋሪው ዱቄቱ ክንዱ ላይ እንዳለ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። “ወረንጦ፣ ይሄ ስልክ ጣቴን ጠላው” አለ። ስክሪኑ በርቷል፣ ሰዓቱም ይታያል፣ ቢነኩት ግን አይሰማም። መሐሉ ላይ “ያልተፈቀደ ስክሪን ተገጥሟል። እባክዎ ወደ ማዕከላችን ይሂዱ” የሚል ጽሑፍ ቆሟል። እያገላበጠችው ሳለ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መጣ። ከዚያ ሌላ ሰው፣ ከዚያ ሌላ። አዋላጇ እያለከለከች ገባች። “ንጋት ላይ ምጥ የያዛት ሴት ስትደውልልኝ ስልኩ ይጮሃል፣ እኔ ማንሳት አቃተኝ! ባሏ ሮጦ ባይመጣ ምን ይውጠኝ ነበር?” እስከ እኩለ ቀን ጠረጴዛው ላይ ሃያ ሦስት ስልክ ተደረደረ። ሁሉም ነፍስ የተዛወረባቸው ናቸው። ስክሪናቸው ያልተነካ ስልኮች አንዳቸውም አልታመሙም።

“አፕዴት አድርጉ ያልሽን አንቺ ነሽ” አለ የታክሲ ሹፌሩ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻላት ነበር።

መጋረጃውን ጋርዳ የዳቦ ጋጋሪውን ስልክ ከኮምፒውተር ጋር አገናኘችና ምን እንደሚጠይቅ አየች። ቺፗን ይጠይቃል፤ እሷን ካመነ በኋላ ደግሞ የስክሪኑን የውስጥ ቁጥር ይጠይቃል። ደግማ አየችው። የእሷው ዐረፍተ ነገር ነው። ሦስተኛው ገጽ፣ ከላይ አራተኛው መስመር።

“ምን አገኘሽ?” አሉ ጋሼ ከመጋረጃው ወዲያ።

“ገና ነኝ” አለች።

ስልኳን ይዛ ከሕንፃው ጀርባ ወዳለው የውኃ ታንከር ሄደችና ለድርጅቱ ደወለች። የማሽን ድምፅ “አስተያየትዎ ለእኛ ዋጋ አለው” አላት፤ ከዚያ ሙዚቃ፤ ከዚያ እንደገና አስተያየትዎ ዋጋ አለው። አርባ ደቂቃ ቆማ ሰማች። በመጨረሻ አንድ ማር የመሰለ ድምፅ ያለው ወጣት ቀረበ። ስሟን ስትነግረው ድምፁ ጭራሽ ደመቀ።

“እንዴ! የክብር አማካሪያችን ነዎት እኮ! ስምዎ እዚህ ፊት ለፊቴ አለ። ባለፈው የላኩልንን ማብራሪያ የደህንነት ክፍላችን በጣም ነው የተጠቀመበት።”

“ለምን ተጠቀመበት?”

“ክፍተቱን ለመድፈን ነዋ!” አለ፣ እንኳን ደስ አለዎት በሚል ድምፅ።

“ክፍተት አይደለም እኮ” አለች ወረንጦ። “ጥገና ነው። እንድትፈቅዱልን ነው የጻፍኩት። ሰዎች አሉ እኮ እዚህ፣ ሃያ ሦስት ሰው ስልኩ ሞቶበታል።”

“ስሜትዎ ይገባኛል። ሌላ የምረዳዎት ነገር ይኖራል?”

ዘጋችው። ታንከሩን ተደግፋ አለቀሰች። ተሽጣለች። የሸጣት ደግሞ ስታመሰግነው የኖረችው፣ ስሙ ሲነሳ ከጋሼ ጋር የተሟገተችለት ነው። እንደ ጠላት ቢያጠቋት እንኳ አንድ ነገር ነበር፤ እነሱ ግን አመስግነዋታል። ወረቀት ልከውላታል። በገዛ እጇ ያሳየቻቸውን በር ቀስ ብለው፣ በትሕትና፣ ላይዋ ላይ ዘጉት።

ፊቷን ታጥባ ስትመለስ ለጋሼ ልትናገር ቆርጣ ነበር። ጋሼ ግን ቀድመዋታል። ቆመዋል፣ ስልካቸው እጃቸው ላይ ነው።

“ገባኝ” አሉ። “ዘመዶችሽ በራሳቸው አልነቁም። የነገራቸው ሰው አለ። ይሄን ነገር የምናውቀው ሦስት ነን። እኔ አልተናገርኩም። አንቺ እጄ ነሽ፤ እጅ ባለቤቱን አይሸጥም። ማን ቀረ?”

“ጋሼ፣ ቆይ…”

“የሚሠራበት ቤት የእነሱን ስልክ ይሸጣል እኮ! ክራባቱን በባዶ አላሰሩለትም።” ይህን ሲሉ ለልጃቸው ደውለው ነበር። ጆሯቸው ስለሚያስቸግራቸው ሁልጊዜ በድምፅ ማጉያው ነው የሚያወሩት፤ የባለሲም ድምፅ ክፍሏን ሞላት።

“አባዬ! እንዴት ዋልክ? ጉንፋኑ ተሻለህ?”

“በስንት ሸጥከኝ?” አሉ ጋሼ።

“ምን?”

“ነፍስ ማዛወሩን። ለእነዚያ ሰዎች። በስንት?”

“አባዬ ምን ነካህ? ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣ ለማንም ተናግሬ አላውቅም! ቅዳሜ ትመጣለህ ብለን ቤቱን ስናሰናዳ…”

“አልመጣም።”

“ልጄን እኮ ገና አላየሃትም…”

“አንተን የምትመስል ከሆነ ባላያት ይሻለኛል” ብለው ዘጉ።

ወረንጦ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆማ ነበር። አፏ ተከፍቷል። “እኔ ነኝ” ልትል ነበር። ጋሼ ዞር ብለው፣ “አንቺ ባትኖሪ ዛሬ ምን ይውጠኝ ነበር” አሏት። ያቺ ምስጋና አፏን ዘጋችው። ነገ እናገራለሁ አለች። ረቡዕ ነገ አለች። ሐሙስም።

ዓርብ እትዬ ወደ ክፍሏ መጡ። ጋሼ ዕቃ ሊገዙ እስኪወጡ ደጅ ቆመው ጠብቀው ነው የገቡት። የጋሼን ወንበር ትተው ከወረንጦ አጠገብ ካለው ካርቶን ላይ ተቀመጡ።

“ልጄ፣ ሰውዬው እኔን መስማት ትቷል” አሉ። “አንቺን ግን ይሰማሻል። እባክሽ አንድ ነገር በይው። ነገ ብቻዬን ልሄድ ነው። ልጁ ትናንት ደውሎ፣ አባዬ ሸጥከኝ አለኝ ብሎ አለቀሰ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ካደገ ወዲህ ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም።” የነጠላቸውን ጫፍ አፍተለተሉ። “እሱ ሰው ይሸጣል ብለሽ ታስቢያለሽ? እውነቱን ንገሪኝ።”

“አይሸጥም” አለች ወረንጦ።

ያን ዕለት ቤቷ ገብታ የምስክር ወረቀቱን ከልብሶቿ ሥር አወጣችና ቀደደችው። ምንም አልቀለላትም። ሕፃኗ ባልሠራችው፣ አባቷም ባልሠራው ጥፋት አያት ልታጣ ነው፤ ይህን ማስቆም የምትችለው ደግሞ እሷ ብቻ ናት።

ቅዳሜ ጠዋት ክፍሏ ጭር ብላለች። ጋሼ አንድ የቆየ ሬዲዮ ፈተው ብሎኖቹን በወረቀት ላይ ደርድረዋል። ወረንጦ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ፊታቸው ቆመች።

“ጋሼ፣ እሱ አይደለም።”

“ማን?”

“ልጅዎ። እሱ አልተናገረም። እኔ ነኝ።”

ጋሼ ካቻቢቴውን አስቀመጡ። ወረንጦ ቁጭ ሳትል ሁሉንም ነገረቻቸው። አስተያየት መስጫውን፣ የቻርጀሩን ክዳን፣ አራቱን ገጽ፣ የውስጥ ቁጥሩን፣ ባለ ማር ድምፁን ወጣት። አንዲት ነገር ብቻ አስቀረች። ሲያልቅባት እጇን ወዴት እንደምታደርገው ጠፍቷት ቆመች።

“በስንት?” አሉ ጋሼ።

“በነፃ።”

“በነፃ!” ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባቸው፤ ደረታቸውን እየደቁ ጨረሱት። “ብትሸጪው እንኳ እኮ ወግ ነበረው፤ እንጣላ ነበር። በነፃ! ኧረ አንቺ ልጅ!” ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። “ቁጭ በይ። ቁጭ በይ እንጂ፣ ምን ትገተሪያለሽ። ለሰው የሚጠቅም መስሎሽ ነው። የዋህ ነሽ፤ አውቅሻለሁ። የዋህ ሰው ሲያገኙ እንደዚህ ነው የሚያደርጉት፤ እየሳቁ፣ እያመሰገኑ። እኔ የምናደደው በእነሱ ነው።” ግንባራቸውን አሹ። “ልጄን ግን ምን አልኩት? ያቺን ሕፃን ምን አልኳት?”

ወረንጦ ተቀመጠች። በአምስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿ እስከ ታች ወረደ። ምረዋታል፤ በአንድ ሳቅና በአንድ ሳል ምረዋታል። ልታመሰግናቸው አፏን ስትከፍት ጋሼ ወንበራቸውን ወደ እሷ ሳብ አደረጉ።

“እስቲ አንብቢልኝ።”

“ምኑን?”

“የጻፍሽውን ነዋ። ስልክሽ ላይ የለም? በዕድሜዬ አንድ ነገር ነው ያገኘሁት። ወረቀት ላይ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ልስማው።”

ስልኳን አወጣች። ከመጀመሪያው ጀምራ አነበበች። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። የሙቀቱ መጠን ላይ ስትደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቺፗ ስትለቅ ስለምታሳየው መንሸራተት ስታነብ ፈገግ አሉ፤ “እሱን ደህና አድርገሽዋል፣ ልክ እንደዚያ ነው” አሉ። የውስጥ ቁጥሩ ላይ፣ “ውይ፣ እሷንስ ባትጽፊያት” ብለው ጭናቸውን መቱ። ግን ፊታቸው አልጨለመም። ያን ያህል ቃል ስለ እሳቸው ሥራ ተጽፎ ሰምተው አያውቁም። አራተኛው ገጽ አለቀ። ወረንጦ ስልኳን ዝቅ አደረገች።

“አለቀ?” አሉ ዓይናቸውን ገልጠው።

“አለቀ።”

“እኔስ?” አሉ ጋሼ። ትንሽ እንደማፈር ብለው ነው የጠየቁት። “እኔ የቱ ጋ ነኝ?”

“ስምዎ እንዳይጻፍ ስለሚፈልጉ…”

“ስሜን ተይው፣ ስሜ ምን ይሠራል። አንድ ሽማግሌ አላልሽም? ያስተማረኝ ሰው አላልሽም? እስቲ እሷን አንብቢልኝ።”

ጽሑፉ ደቃቅ ነው፤ የጋሼ ዓይን አይደርስበትም። “መምህሬ ነው ያገኘው” ብላ ብታነብ ማንም አያውቅም። ጋሼ ደስ ብሏቸው ይነሳሉ፣ ኮታቸውን ይለብሳሉ፣ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ይሄዳሉ። ወረንጦ አፏን ለውሸቱ ከፈተች። ጋሼ ደግሞ ወደ ፊት ዘንበል ብለው፣ የተሻለውን ጆሯቸውን አዙረው ይጠብቃሉ። እንደዚያ ሲጠብቁ ስታያቸው መዋሸት አቃታት።

“‘ዘዴውን ያገኘው ማን ነው?’” ብላ አነበበች። “‘እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ስልክ አበላሽቼ በአሥራ ሁለተኛው ተሳካልኝ።’”

ጋሼ እንደዘነበሉ ቀሩ።

“አሥራ አንዱንም?” አሉ።

“ጋሼ…” አለች። እሳቸው ቀስ ብለው ቀና አሉ፣ ወንበራቸውን ወደ ነበረበት መለሱት፣ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ጣታቸው ቁጥሩን ሊመታ አልቻለም። ሁለት ጊዜ ሞከሩና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

“ለልጄ ደውይልኝ” አሉ።

ደወለችላቸው። ድምፅ ማጉያውንም ከፈተችላቸው።

“አቤት” አለ ባለሲም፣ በደረቁ።

“እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ ልጄ። አንተ አልነበርክም።”

ከወዲያ በኩል የሕፃን ልቅሶ ተሰማ፤ ጋሼ ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ።

“ካስገባኸኝ ዛሬ ከእናትህ ጋር እመጣለሁ።”

“ምን ማለትህ ነው አባዬ፣ ቤትህ አይደል እንዴ? ና።” ባለሲም አፍንጫውን ሲጠርግ ተሰማ። “ማን ነው ታዲያ የነገራቸው?”

“አንዲት ሴት ናት።”

“ማን ናት? አውቃታለሁ?”

ጋሼ ቀና ብለው ወረንጦን አዩዋት። ወረንጦ ስሟን ጠበቀች። ሰፈሩ ያወጣላትንም ቢሆን፣ እናቷ ያወጣችላትንም ቢሆን፣ ከስድብ ጋርም ቢሆን።

“አይ” አሉ ጋሼ፣ ዓይናቸውን ከእሷ ላይ ሳያነሱ። “እኔም አላውቃትም።”